ቀለህ ሲመሰክር፦ የአሮጌዎቹ ብረት ፈላጊዎች ታሪክ

ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር ቡና ልንጠጣ ቦሌ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ሕንፃ ስንገባ፣ በር ላይ የቆመችው ጠባቂ ያቺን ጥቁር ዱላ የምትመስል መፈተሻዋን ከትከሻዬ ጀምራ ወደ ታች አወረደቻት። ወገቤ ጋ ስትደርስ «ጢጥ!» አለች።

«ምንድን ነው እህቴ?»

«ቁልፍ ነው።»

«እሺ፣ እለፊ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። መቼም አዲስ አበባ እየኖረ በቀን አንድ ሁለቴ «ጢጥ» ያልተባለ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን የዚያን ቀን ቡናዬ እስኪመጣ ድረስ ስለዚያች ድምፅ ሳስብ ቆየሁ። ማሽኗ የምታውቀው «እዚህ ጋ ብረት አለ» የሚለውን ብቻ ነው። ቁልፍ ይሁን፣ ሳንቲም ይሁን፣ የቀበቶ ዘለበት ይሁን አታውቅም። የቀረውን ሥራ የሠራችው ጠባቂዋ ናት። ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት፣ አመነችኝ።

ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብኩት ስለዚህች ማሽን አያቶችና ቅድመ አያቶች ነው። ሜታል ዲቴክተር ይሏቸዋል፤ እኔ «ብረት ፈላጊ» እያልኩ ልቀጥል። በአሮጌ ጦር ሜዳዎች ላይ የጥይት እርሳስ፣ ቁልፍና ዘለበት ሲፈልጉ የኖሩ፣ ዛሬም አንዳንድ ፈረንጅ ሽማግሌዎች ከቆጥ አውርደው አቧራቸውን እየጠረጉ ሜዳ የሚያወጧቸው ማሽኖች ናቸው። ወሬው የዕቃ ወሬ ሊመስላችሁ ይችላል። ግን ታገሱኝ። ከነዚህ ማሽኖች ጥቂቶቹ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሰሚ ያጡ ሰዎች የተናገሩት ነገር እውነት እንደነበረበት አሳይተዋል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።)

ከዚያ በፊት አንዲት የቤት ጉዳይ። አያቴ ቤት ሳሎን፣ ቡፌው ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ አጠገብ አንዲት የናስ ቀለህ ነበረች። ልጅ ሆነን በአፏ እየነፋን ፉጨት እናወጣባት ነበር። አያቴ ካረፈ በኋላ «ይቺ ቀለህ የየት ናት?» ብዬ ጠየቅኩ። አጎቴ «የማይጨው ናት» አለኝ። አክስቴ ደግሞ «ኧረ የአደን ናት፣ ማይጨው ጊዜ እኮ አባዬ ገና ሕፃን ነው» አለችኝ። አሁንም ድረስ አልተስማሙም። ቀለሂቱም አልተናገረች። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ፍራሹን ያልጠረጠሩት ሐኪሞች

ጁላይ 2 ቀን 1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ዋሽንግተን ውስጥ ባቡር ጣቢያ ላይ በጥይት ተመቱ። ቻርለስ ጊቶ የተባለው ሰው ሁለት ጊዜ ተኮሰባቸው፤ አንዷ ጥይት ክንዳቸውን ጨረፈች፣ ሌላዋ በጀርባቸው ገብታ እዚያው ቀረች። ራጅ የሚባል ነገር ሊገኝ ገና 14 ዓመት ይቀረው ነበር። ሐኪሞቹ ጥይቷን ለማግኘት የነበራቸው ዘዴ ጣታቸውን ቁስሉ ውስጥ እየከተቱ መፈለግ ነበር፤ ያውም በደንብ ሳይታጠቡ።

በዚህ ጊዜ ከአምስት ዓመት በፊት ስልክን ያስተዋወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል «እኔ ልሞክር» ብሎ መጣ። የሠራው መሣሪያ ሁለት ጥቅል ሽቦ ነበረው። አንደኛው ላይ ኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ከስልክ ማዳመጫ ጋር ተያይዟል። ሁለቱ በሚገባ ሲመጣጠኑ ማዳመጫው ዝም ይላል፤ አጠገባቸው ብረት ሲመጣ ሚዛኑ ይዛባና ድምፅ ይሰማል። ቤል ከእርስ በርሱ ጦርነት የተረፈ ጥይት ሰውነታቸው ውስጥ በቀረ የቀድሞ ወታደሮች ላይ ሞክሮት ሠርቶለታል።

ጁላይ 26 እና ኦገስት 1 ቀን ቤል መሣሪያውን ይዞ ዋይት ሀውስ ገባ። አልተሳካለትም። ለምን? አንደኛ፣ ፕሬዚዳንቱ የተኙበት ፍራሽ በዚያ ዘመን ብርቅ የነበረ የብረት ስፕሪንግ ነበረበት። ሁለተኛውና የሚያናድደው ደግሞ ይኼ ነው፦ ዋናው ሐኪም ዊላርድ ብሊስ ጥይቷ በቀኝ በኩል ናት ብሎ ቀድሞ ደምድሞ ስለነበር፣ ቤል እንዲፈልግ የፈቀደለት በቀኝ በኩል ብቻ ነበር። ጋርፊልድ ሴፕቴምበር 19 ቀን አረፉ። አስከሬናቸው ሲመረመር ጥይቷ በግራ በኩል ተገኘች።

እኔ ይኼን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ማሽኑን መውቀስ አይሆንልኝም። ማሽኑ የተሰጠውን ቦታ ሰምቷል። የት እንደሚደመጥ የወሰነው ሰው ነው የተሳሳተው።

ከራዲዮ ቤት እስከ ኤል አላሜን

ቀጣዩ ሰው ጀርመን ተወልዶ ወደ አሜሪካ የሄደው ጌርሃርድ ፊሸር ነው። አውሮፕላኖች በራዲዮ ሞገድ አቅጣጫቸውን የሚያውቁበትን መሣሪያ ሲሠራ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ መሣሪያው እየተሳሳተ ያስቸግረዋል። ሲያጠናው ስሕተቱ የሚመጣው ብረት ወይም የማዕድን ክምችት ባለበት አካባቢ ሆኖ አገኘው። ሌላ ሰው ቢሆን «የተበላሸ ዕቃ» ብሎ ይተወው ነበር። ፊሸር ግን «ስሕተቱ ራሱ ይሸጣል» አለና በ1931 ካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ሥራ ጀመረ። ማሽኑን «ሜታላስኮፕ» አለው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1937 ነው።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ፖላንድ በናዚዎች ስትያዝ ያመለጠ ዮዜፍ ኮሳትስኪ የሚባል የፖላንድ መኮንን በ1941 ስኮትላንድ ሆኖ የፈንጂ መፈለጊያ ሠራ። አንድ ወታደር ቆሞ እየሄደ ሊጠቀምበት የሚችል፣ ረጅም እጀታ ጫፍ ላይ ክብ ሰሌዳ ያለበት፣ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ መሣሪያ ነበር። ዛሬ «ሜታል ዲቴክተር» ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ቅርፅ ይኸው ነው። ኮሳትስኪ ፈጠራውን ለእንግሊዝ ጦር በነፃ ሰጠ፤ ከንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ የምስጋና ደብዳቤ ደረሰው። ቤተሰቡ በጠላት በተያዘች አገር ስለነበር ግን እውነተኛ ስሙ በወቅቱ እንዲወጣ አልተፈለገም። ኦክቶበር 1942 ግብፅ ውስጥ ኤል አላሜን ላይ በተደረገው ውጊያ 500 የሚሆኑ እነዚህ ማሽኖች በረሃውን ከፈንጂ አጸዱ። የዚያ ንድፍ ልጅና የልጅ ልጆች እስከ 1995 ድረስ እንግሊዝ ጦር ውስጥ አገልግለዋል።

አሜሪካኖቹም የራሳቸው ነበራቸው፤ «ኤስሲአር-625» ይባላል። ጦርነቱ ሲያበቃ ይኼ ማሽን ከጦር መጋዘን እየወጣ በርካሽ ተቸበቸበ። የእኛ ታሪክም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ፈንጂ የሚፈልግ መሣሪያ የጦርነት ቅርስ ፈላጊዎች እጅ ገባ።

የሽማግሌዎቹ ጨዋታ

በ1950ዎቹ ቨርጂኒያና ጆርጂያ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ የሚሆነውን አስቡት። ከ1861 እስከ 1865 አሜሪካኖች እርስ በርስ በተጫረሱበት መሬት ላይ አባትና ልጅ የወታደር ማሽን ተሸክመው፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ማሳውን ቀስ እያሉ ይጠርጋሉ። የሚያወጡት የእርሳስ ጥይት፣ የዩኒፎርም ቁልፍ፣ የቀበቶ ዘለበት፣ አንዳንዴም ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት ነው።

ገበያ ሲኖር ፋብሪካ ይመጣል። ኦሪገን ውስጥ ስዊት ሆም በምትባል ከተማ የዩራኒየም መፈለጊያ ይሠራ የነበረው ኋይትስ ወደ ብረት ፈላጊ ዞረ። በ1964 ቴክሳስ ውስጥ ቻርለስ ጋሬት የሚባል ኢንጂነር የራሱን ድርጅት ከፈተ። (በነገራችን ላይ የጋሬት ድርጅት በ1984 ለሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የበር ፍተሻ መሣሪያ እንዲያዘጋጅ ተጠይቆ ነው ወደ ጥበቃው ንግድ በደንብ የገባው። ሕንፃው በር ላይ «ጢጥ» ያለችብኝ ዱላ ከጦር ሜዳ ቅርስ ፈላጊዎቹ ጋር እንዲህ ትዛመዳለች።)

እነዚያ የድሮ ማሽኖች እንዴት ይሠሩ ነበር? በብዛት የነበረው ዓይነት ውስጡ ሁለት የሞገድ አመንጪዎች አሉት። አንዱ ሣጥኑ ውስጥ ተቀምጦ አይለወጥም፤ ሌላው ከታች ካለው ጥቅል ሽቦ ጋር የተያያዘ ነው። የሁለቱ ልዩነት እንደ ንብ እምምም የሚል ድምፅ ሆኖ ጆሮ ይደርሳል። ጥቅሉ ብረት ላይ ሲያልፍ ድምፁ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። ስክሪን የለም፣ ቁጥር የለም። ፀሐይ ጥቅሉን ስታሞቀው ድምፁ ብቻውን ይንሸራተታል፤ ስለዚህ በአንድ እጅ እያወዛወዙ በሌላው ማስተካከያውን መነካካት ነው። ጥልቀቱም ትንሽ ነው፤ ሳንቲም ከሆነ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ። ሰሌዳውን መሬት ሊነካ ምንም እስከማይቀረው ድረስ ዝቅ አድርጎ፣ አንዱን ጠረጋ በሌላው ላይ እየደረቡ፣ እንደ ሙሽራ ቀስ ብሎ መሄድ ያስፈልጋል።

ደክሞኝ ተኝቼ ዩቲዩብ ላይ አንድ ሽማግሌ እንደዚህ ያለ ማሽን ይዞ ሲሄድ አርባ ደቂቃ ሙሉ አይቻለሁ። (አትሳቁ።) ማሽኑ ስንት ጊዜ ሐሰት ይጮኻል! ሰውዬው ግን የሚሰማው ነገር ከእኔ የተለየ ነበር። እኔ ጫጫታ ብቻ በምሰማበት እሱ «ይኼ ሚስማር ነው፣ ይኼ ግን ክብ ነገር ነው» ይላል፤ ሲቆፍር እውነቱን ነው። አርባ ዓመት የሠለጠነው ማሽኑ ሳይሆን ጆሮው ነው። ለዚህ ይመስለኛል ኋይትስ በ2020 በሩን ከዘጋ በኋላ እንኳ ያረጁ ማሽኖቹን የሚጠግኑና የሚሰበስቡ ሰዎች ያልጠፉት።

ከ1970ዎቹ ወዲህ የመጡት ማሽኖች አንድ ትልቅ ምቾት አመጡ። ብረቱን ይለያሉ። «ሚስማሩንና ዝገቱን ዝለልልኝ፣ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ንገረኝ» ብላችሁ ታስተካክሉታላችሁ። የድሮው ማሽን ግን ይኼን አያውቅም። ሚስማርም ቢሆን ይጮኻል፤ ያለህ አማራጭ ሁሉንም መቆፈር ነው። አድካሚ ነው። ግን አንድ ጦር ሜዳ ላይ የወደቀ የቀስት ጫፍ ከብረት የተሠራ ቢሆንስ? ምቹው ማሽን «ቆሻሻ» ብሎ ያልፈዋል። የቀስቱ ባለቤት ከታሪኩ በአንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ወጣ ማለት ነው። የጦር ሜዳ አርኪኦሎጂስቶች ብረት ሳይለዩ ሁሉንም የሚሰሙት በዚህ ምክንያት ነው።

የጨዋታው መጥፎ ገጽታም መነገር አለበት። አብዛኛው ቅርስ ፈላጊ ያገኘውን ጥይት ኪሱ ይከታል፣ ቤቱ ሲደርስ ሣጥን ውስጥ ይጥላል። ሃምሳ ዓመት አልፎ ሰውዬው ሲሞት ልጆቹ አንድ ሣጥን ሙሉ እርሳስ ያገኛሉ። ከየትኛው ኮረብታ? ከየትኛው ወገን ምሽግ? የሚያውቅ የለም። የአያቴ ቡፌ ማለት ነው። አሜሪካ በ1979 ባወጣችው ሕግ በመንግሥት መሬት ላይ ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈር ወንጀል ሆነ። አርኪኦሎጂስቶችና ብረት ፈላጊዎች በዓይነ ቁራኛ ይተያዩ ጀመር። አንዱ ወገን «ሌቦች» ይላል፣ ሌላው «ትዕቢተኞች» ይላል።

ከዚያ አንድ ሜዳ ተቃጠለ።

ያልታመኑት ምስክሮች

ጁን 25 ቀን 1876 ሞንታና ውስጥ ሊትል ቢግሆርን በሚባል ወንዝ አጠገብ ጆርጅ አርምስትሮንግ ከስተር የተባለው የአሜሪካ ጦር አዛዥ ከ7ኛው ፈረሰኛ ጦሩ ጋር በላኮታ፣ በሻየንና በአራፓሆ ሕዝቦች ሰፈር ላይ ጥቃት ከፈተ። (በፊልም «ቀይ ሕንዶች» እያልን የለመድናቸው የአገሬው ነባር ሕዝቦች ናቸው።) የጠቡ ሥር ወርቅ ነው። በ1868 በተፈረመ ውል የላኮታ መሆኑ የተረጋገጠው ብላክ ሂልስ የተባለ ተራራማ አገር ላይ በ1874 ወርቅ ተገኘ፤ ያገኘው ጉዞ መሪ ደግሞ ራሱ ከስተር ነበር። መንግሥት «እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 1876 ወደተከለለላችሁ ቦታ ግቡ» አለ። ብዙዎቹ አልገቡም።

የዚያን ቀን ከስተር ጦሩን ከፋፈለ። ከእሱ ጋር የነበሩት 210 ያህል ሰዎች አንድም ሳይተርፍ አለቁ። በሌላ ኮረብታ ላይ የተከበቡት የሬኖና የቤንቲን ክፍሎች ግን ሁለት ቀን ተዋግተው ተረፉ። ስለዚህ የከስተርን መጨረሻ በነጮቹ በኩል ያየ ሰው አልነበረም። ያዩት ያሸነፉት ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ጋዜጠኝነት ተምራችኋል እንበል። አንድ ድርጊት ተፈጽሟል፣ በሺ የሚቆጠሩ የዓይን ምስክሮች አሉ። ማንን ትጠይቃላችሁ? አሜሪካ ግን ሠዓሊዎቿን ጠየቀች። አንድ የቢራ ፋብሪካ በ1896 ከስተር በኮረብታው አናት ላይ ጎራዴውን መዝዞ እስከ መጨረሻው ሲፋለም የሚያሳይ ሥዕል አሳትሞ በየመጠጥ ቤቱ ሰቀለው። (ወታደሮቹ ለዚያ ዘመቻ ጎራዴ ይዘው አልሄዱም ነበር።) በ1941 ሆሊውድ ኤሮል ፍሊንን ከስተር አድርጎ ፊልም ሠራበት። የመጨረሻው ጥይት እስኪያልቅ የተዋጋ ጀግና የሚለው ታሪክ እንደ ዳዊት ተደገመ።

ላኮታዎቹና ሻየኖቹ ዝም አላሉም። ጎል የተባለው የላኮታ መሪ በ1886 ለአሥረኛው ዓመት መታሰቢያ ሜዳው ላይ ተገኝቶ ያየውን ተናግሯል። ውደን ሌግ የተባለው የሻየን ተዋጊ የነገረው ታሪክ በ1931 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ኬት ቢግሄድ የተባለች የሻየን ሴት ውጊያውን ከዳር ሆና ያየችውን ተናግራለች። በዝርዝሩ ይለያያሉ፤ ግን ብዙዎቹ የሚሉት ተመሳሳይ ነገር ነው፦ ወታደሮቹ መጀመሪያ ተሰልፈው ተዋጉ፣ ከዚያ ሰልፋቸው ተበተነ፣ ፍርሃት ገባቸው፣ መጨረሻው በጣም አጭር ነበር። ከተዋጊዎቹ አንዱ የተራበ ሰው ምግቡን በልቶ እስኪጨርስ ያህል ነው የፈጀው ብሏል።

ማን ይስማቸው! ብዙ ጸሐፊዎች «እርስ በርሱ ይጋጫል፣ ነጮቹን ለማስደሰት ብለው ነው፣ ፈርተው ነው» እያሉ አጣጣሉት። እንደ ዶክተር ብሊስ ማለት ነው፤ ጥይቷ በቀኝ ናት ተብሎ ካለቀ በኋላ በግራ በኩል ማን ያዳምጣል?

1984

ኦገስት 1983 ላይ የሊትል ቢግሆርን ሜዳ ሣር በእሳት ተቃጠለ፤ ወደ 600 ኤከር መሬት ራቁቱን ቀረ። ሪቻርድ ፎክስ የተባለው አርኪኦሎጂስት የተቃጠለውን መሬት ዞሮ አየና ጥናት ቢካሄድበት እንደሚያዋጣ ሐሳብ አቀረበ። በቀጣዩ ዓመት እሱና የፓርኮቹ መሥሪያ ቤት አርኪኦሎጂስት ዳግላስ ስኮት ሥራውን ጀመሩ። ያደረጉት ነገር ብዙ ባልደረቦቻቸውን ሳያስደነግጥ አልቀረም፦ «ሌቦች» የሚባሉትን የብረት ፈላጊ ትርፍ ጊዜ ተጫዋቾች ከነማሽናቸው ጠሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ፈላጊዎቹ በአምስት ሜትር ያህል ልዩነት ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። እያወዛወዙ ወደፊት ይሄዳሉ። ማሽኑ የጮኸበት ቦታ ላይ ትንሽ ባንዲራ ይተከላል፤ ማንም አይቆፍርም። ከኋላ ሌላ ቡድን ይመጣና አፈሩን በጥንቃቄ ገልጦ ዕቃውን እንዳለ፣ ሳያነሣ ይተወዋል። ከዚያ ሦስተኛ ቡድን በቀያሽ መሣሪያ ቦታውን፣ ጥልቀቱን፣ ወደየት አቅጣጫ እንደተኛ ይመዘግባል። ቁጥር ይሰጠዋል። ያን ጊዜ ብቻ ይነሣል። በ1984 እና 1985 በጠቅላላ ወደ 5,000 የሚጠጉ ዕቃዎች ተመዘገቡ።

ቀጥሎ የመጣው የፖሊስ ሥራ ነው። ጠብመንጃ ሲተኮስ መምቻ መርፌው ቀለሁ ላይ ምልክት ይተዋል፤ የእያንዳንዱ ጠብመንጃ ምልክት እንደ ጣት አሻራ ይለያል። ቀለሆቹን በማይክሮስኮፕ ሲያነጻጽሩ «ይኼ ቀለህና ከዚያ ወዲያ የተገኘው ያኛው ቀለህ ከአንድ ጠብመንጃ ነው የወጡት» ማለት ተቻለ። በካርታው ላይ መስመር ሲያሰምሩ ከ108 ዓመት በፊት አንድ ሰው ከየት ተነሥቶ እየተኮሰ የት እንደደረሰ ታየ።

ካርታው ምን አሳየ? ካልሁን ኮረብታ በሚባለው በኩል የወታደሮቹ ቀለሆች እንደ ደንቡ ተራርቀው፣ በሰልፍ ተገኙ። እዚያ በሥርዓት ተዋግተዋል። ከፊት ለፊታቸው ደግሞ የነባሮቹ ተዋጊዎች የሄንሪና የዊንቸስተር ቀለህ ክምር አለ፤ እነዚህ ደጋግመው የሚተኩሱ ጠብመንጃዎች ናቸው፣ ወታደሮቹ የያዙት ስፕሪንግፊልድ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ነበር። ተዋጊዎቹ ከ40 በላይ ዓይነት መሣሪያ ይዘው እንደነበር ታወቀ። ከካልሁን ኮረብታ ወዲህ የወታደሮቹ ሥርዓት በካርታው ላይ ይጠፋል፤ የተዋጊዎቹ ጠብመንጃዎች ግን ወደ መጨረሻው ኮረብታ ሲገሰግሱ ይታያሉ። በሥዕሉ ላይ ጎራዴ የተመዘዘበት የመጨረሻው ኮረብታ ደግሞ ረጅም ተኩስ የተካሄደበት ቦታ የሚያስመስል የወታደር ቀለህ አልተገኘበትም። «ጠብመንጃቸው እየነከሰ ጉድ ሠራቸው» የሚለው የቆየ ሰበብም ብዙ አላስኬደም፤ በጉልበት ተፈልቅቆ የወጣ የሚመስል ቀለህ ጥቂት ብቻ ነበር።

ፎክስ በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ ይኼን ሁሉ ከነባሮቹ ምስክርነት ጋር አጋጠመው። ሰልፍ፣ መበተን፣ ፍርሃት፣ አጭር መጨረሻ። እነጎልና እነውደን ሌግ የተናገሩት ሆኖ ተገኘ።

ክርክሩ ግን አላለቀም፤ ያላለቀበት ምክንያት ደግሞ እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ነገር ነው። ተቃዋሚዎቹ እንዲህ ይላሉ፦ «የመጨረሻው ኮረብታ ላይ ቀለህ ያነሰው ስላልተተኮሰ ነው ወይስ መቶ ዓመት ሙሉ ጎብኚ እየለቀመ ስለወሰደው?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ያ ኮረብታ ከሁሉ በላይ የተጎበኘው ቦታ ነው። ሰው ሁሉ «ለማስታወሻ» አንድ አንድ አነሣ። እያንዳንዷ ቀለህ አንድ ምስክር ነበረች፤ ዛሬ የማንም የማያውቀው ቤት ቡፌ ላይ ተቀምጣለች። ሙሉውን እውነት እንዳናውቅ ያደረጉን መጥፎ ሰዎች አይደሉም፤ ታሪክ የሚወዱ ሰዎች ናቸው።

በ1991 የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ የቦታው ስም ከከስተር ጦር ሜዳነት ወደ ሊትል ቢግሆርን ጦር ሜዳነት ተለወጠ። በ2003 ለነባሮቹ ተዋጊዎች መታሰቢያ ተመረቀ። ስሙን ያስለወጠው የነባሮቹ የዓመታት ትግል ነው እንጂ ማሽን አይደለም። ማሽኖቹ ያደረጉት፣ ሲናገሩ የኖሩት ሰዎች ቃል ላይ የናስ ማኅተም መምታት ነው።

እና እኛስ?

«እኔም ማሽን ገዝቼ ዓድዋ ልውረድ» ያላችሁ ካላችሁ፣ ቆይ፣ ተረጋጉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ፍለጋና ቁፋሮ በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ደንግጓል፤ በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም እንዲያሳውቅ ያዛል። እንግሊዞች ሌላ መንገድ ሞክረዋል። በ1996 ባወጡት ሕግ ወርቅና ብር ነክ ቅርስ ያገኘ ያሳውቃል፣ ሙዚየም ከፈለገው ዋጋው ለአግኚውና ለባለ መሬቱ ይከፈላል። በ2009 ቴሪ ሄርበርት የተባለ ሥራ አጥ ሰው፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ በ2.50 ፓውንድ ገዛው ተብሎ በተጻፈለት ያረጀ ማሽን ስታፎርድሺር ውስጥ የአንድ ገበሬ ማሳ ላይ የጥንት የወርቅ ክምችት አገኘ። የተገመተው 3.285 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። እኔን ከዋጋው በላይ የገረመኝ ሰውዬው ማሳወቁ ነው፤ በማሳወቁ አርኪኦሎጂስቶች ቦታውን ሊቆፍሩት ቻሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ከሕግም ይብሳል። እኛ አገር የብዙ ጦር ሜዳ ብረት ገና አልሞተም። ከ1998 እስከ 2000 ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነትም ሆነ ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን የተካሄደው ያልፈነዳ ጥይትና ፈንጂ መሬት ላይ ትቷል። እረኛ ልጆች ያነሡትና እጃቸውን ያጡበት ብረት አለ። እዚያ የ«ጢጥ» ትርጉም ሌላ ነው፤ የኮሳትስኪ ማሽን መጀመሪያ የተሠራለት ትርጉም። ብረት ካያችሁ አትንኩ፣ ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ ተናገሩ።

ያለ ማሽን የሚሠራ ሥራ ግን ሞልቷል። ቡፌያችን ላይ፣ ሣጥናችን ውስጥ፣ ግድግዳችን ላይ ከየት እንደመጡ ያልተጻፈላቸው ዕቃዎች አሉ። የሚያውቋቸው ሰዎች ደግሞ በየዓመቱ ያልፋሉ። ባለፈው እሁድ ቀለሂቱን ገልብጬ አየኋት። ቂጧ ላይ የተመታ ፊደልና ቁጥር አለ፤ ተፍቋል እንጂ የተሠራችበትን ሊናገር ይችላል። የት እንደተተኮሰች ግን አይናገርም። ስለዚህ ስልኬን አውጥቼ መጀመሪያ አጎቴን፣ ከዚያ አክስቴን ለየብቻ ቀዳኋቸው። ማን ነገረህ? መቼ? አንቺስ ከማን ሰማሽ? አንዱ ሌላውን ሳይሰማ ጠየቅኳቸው። አሁንም አልተስማሙም። አክስቴ ግን መሃል ላይ «ቆይ፣ ቆይ፣ የአባዬ ታላቅ ወንድም እኮ ዘምቶ ነበር» አለች። ይኼን ስም በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም።

እሱንም ጻፍኩት፤ ከነቀኑ። ቀለሂቱ አሁን ከብርጭቆዎቹ አጠገብ ተመልሳለች፣ ሥሯ የታጠፈች ወረቀት አለች።

እናንተስ ቤት ምን አለ? ማንን ጠይቃችኋል?

ቸር እንሰንብት።